ሮሊንግ ስቶንስ ወደ ብሉዝ ሲመለሱ፦ ስለ «ብሉ ኤንድ ሎንሰም» አልበም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አልበሙ ከወጣ ቆይቷል፤ ጥያቄው ግን አላለቀም። የድሮ ሙዚቃ ከሚወዱ ወዳጆች ጋር በተገናኘን ቁጥር «እነዚያ ሽማግሌዎች ብሉዝ የሠሩት ምን አስበው ነው?» የሚል አይጠፋም። የሚደጋገሙትን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ብሉ ኤንድ ሎንሰም» ምን ዓይነት አልበም ነው?

የእንግሊዙ የሮክ ባንድ ሮሊንግ ስቶንስ የሠራው፣ አሥራ ሁለት የድሮ ብሉዝ (የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ) ዘፈኖች የያዘ፣ 42 ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ አልበም ነው። አንዱም ዘፈን የባንዱ ድርሰት አይደለም። በምዕራብ ለንደን፣ ቺዝዊክ በሚባለው ሰፈር፣ ዳየር ስትሬትስ የተባለው ባንድ ጊታሪስት ማርክ ኖፍለር ባቋቋመው ብሪቲሽ ግሮቭ ስቱዲዮ በዲሴምበር 2015 በሦስት ቀን ተቀዳ። ለገበያ የቀረበው ከዓመት በኋላ ዲሴምበር 2 ቀን 2016 ነው።

ሚክ ጃገር ይዘፍናል፣ ሃርሞኒካም ይነፋል። ጊታሩን ኪት ሪቻርድስና ሮኒ ዉድ፣ ድራሙን ቻርሊ ዋትስ ይዘዋል። ቤዙ የዳሪል ጆንስ ነው፤ ኪቦርዱን ቸክ ሌቬልና ማት ክሊፎርድ ተከፋፍለውታል። ፕሮዲዩሰሮቹ ዶን ዋዝ፣ ጃገርና ሪቻርድስ ናቸው።

«ብሉ» በእንግሊዝኛ ቀለምም ነው፣ ሐዘንም ነው። ሽፋኑ ላይ ያቺ የታወቀችው የባንዱ ቀይ ምላስ ሰማያዊ ሆና የመጣችው ለዚህ ነው። ርዕሱን «ከፍቶኛል፣ ብቻዬን ነኝ» ብንለው ብዙም አንርቅም።

አሥራ አንድ ዓመት አስጠብቀው የሌላ ሰው ዘፈን ይዘው መጡ። አዲስ ሥራ አልቆባቸው ነው?

ስቱዲዮ የገቡት አዲስ ዘፈን ሊቀዱ ነበር። ከዚያ በፊት የሠሩት የስቱዲዮ አልበም የ2005ቱ «ኤ ቢገር ባንግ» ስለነበር አድማጩም፣ እነሱም ቸኩለዋል። ብሪቲሽ ግሮቭ ግን አልለመዱትም። ሙዚቀኛ ለሆነ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ አንድ ክፍል ድምፅን እንዴት እንደሚመልስ፣ ድራሙ የት ቢቀመጥ እንደሚያምር፣ አምፕሊፋየሩ ምን ያህል ቢጮህ እንደሚበቃ እስኪታወቅ ድረስ የራስህ ባንድ የሰው ባንድ ይመስልሃል። አዲሶቹ ዘፈኖች አልሄዱ አሉ።

ሪቻርድስ ይህ ሊመጣ እንደሚችል ጠርጥሮ ኖሮ የብሉዝ ሃርሞኒካ ተጫዋቹን የሊትል ዋልተርን «ብሉ ኤንድ ሎንሰም» የተባለች ዘፈን እንዲያጠናት ለዉድ አስቀድሞ ነግሮታል። ነገሩ ሲገተር «እስቲ እሷን እንጫወትና ክፍሉን እናሟሙቀው» አለ። ተጫወቷት። ሲያስቸግር የዋለው ክፍል በአንድ ጊዜ ተገራ። ከዚያ ጃገር ሌላ ብሉዝ ጠየቀ፣ ሌላም ተጨመረ፣ በኋላ ከራሱ የሸክላ ስብስብ ዘፈን እየመረጠ ይዞ ይመጣ ጀመር። ዲሴምበር 11፣ 14 እና 15 ተሠርቶ አልበሙ አለቀ።

ይህ ታሪክ ለማስታወቂያ የተቀባባ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አምነዋለሁ። ታስቦበት የተሠራ የብሉዝ አልበም ቢሆን ኖሮ ሁሉም የሚያውቃቸውን ዘፈኖች መርጠው በየዘፈኑ አንድ አንድ ዝነኛ እንግዳ ይጋብዙ ነበር፤ የዚህ ዓይነት አልበም ሲሠራ ልማዱ ያ ነው። እዚህ የተመረጡት አብዛኞቹ ብሉዝን በቅርብ ያልተከታተለ ሰው ስማቸውን እንኳ የማያውቃቸው ናቸው። እንዲህ የሚመርጥ ገበያ የሚያሰላ ሰው አይደለም፤ ልጅ ሆኖ የወደደውን የሚያስታውስ ሰው ነው።

«ላይቭ የተቀዳ» ሲባል የመድረክ ቅጂ ነው?

አይደለም፤ ጭብጨባም ተመልካችም የለበትም። ላይቭ የተባለው ባንዱ በሙሉ ስቱዲዮ ውስጥ በአንድ ጊዜ እየተጫወተ ስለተቀዳ ነው።

ዛሬ የምንሰማው ሙዚቃ አብዛኛው እንዲህ አይሠራም። መጀመሪያ ድራሙ ወይም የኮምፒውተር ምቱ ይገባል፣ በሌላ ቀን ቤዙ ይደረባል፣ ጊታሪስቱ ከሌላ ከተማ የራሱን ድርሻ ይልካል፣ ድምፃዊው መጨረሻ ላይ መጥቶ አንዱን መስመር ሃያ ጊዜ ይዘፍንና የተሻሉት ቁርጥራጮች ይገጣጠማሉ። ድምፁ ከቃና ቢወጣ ይስተካከላል፣ ምቱ ቢዛነፍ ይቃናል። በዚህ መንገድ ድንቅ ሥራ ይሠራል፤ አላጣጥለውም። ብሉዝን ግን ይገድለዋል። ብሉዝ ውስጥ ዘፋኙ አንድ መስመር ብሎ ትንፋሽ ሲወስድ ጊታሩ ይመልስለታል። ጊታሩ የሚመልሰው ሰምቶ ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ለተቀዳ ድምፅ መልስ መስጠት ይቻላል፣ ዘፋኙ ግን መልሱን ሰምቶ ቀጣዩን መስመር ሊለውጥ አይችልም።

«ብሉ ኤንድ ሎንሰም» ላይ በኋላ የተደረበ ነገር የለም። ሰዎቹ አንድ ላይ ሆነው የተጫወቱት ያው ነው። አንድ ክፍል ውስጥ አንድ ላይ ሲቀዳ የድራሙ ድምፅ ዘፋኙ ማይክራፎን ውስጥ ይገባል፣ ጊታሩም ድራሙ ማይክራፎን ውስጥ። ስለዚህ የአንዱን ስህተት ነጥሎ ማውጣት ይቸግራል። ወይ ሁሉም እንዳለ ይወሰዳል፣ ወይ ሁሉም እንደገና ይጫወታሉ። ጆሮ ሰጥታችሁ ስትሰሙት ጃገር ሃርሞኒካውን ከአፉ አውርዶ ወደ ዘፈኑ ሲገባ ያለው ጥድፊያ ይሰማል፤ ሁለት ሥራ ለአንድ አፍ!

የኛ አገር አድማጭ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አይኖርበትም። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ70ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ የወጡትን ሸክላዎች ባንዱ ከዘፋኙ ጋር በአንድነት እየተጫወተ ነበር የሚቀዳቸው። በኋላ አንድ ኪቦርድና የተዘጋጀ ምት የባንዱን ቦታ ሲወስዱ ምን እንደጎደለ ከኛ በላይ ማን ያውቃል?

ዘፈኖቹ የእነማን ናቸው?

አብዛኞቹ የቺካጎ ናቸው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ከሚሲሲፒና ከአካባቢው የጥጥ እርሻ ሸሽተው ወደ ሰሜን የተሰደዱ ጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃቸውን ይዘው ቺካጎ ገቡ። የገጠሩ ጊታር በከተማው ጫጫታ ውስጥ አልሰማ ሲል ኤሌክትሪክ ላይ ሰኩት። የቺካጎ ብሉዝ የሚባለው ይህ ነው፤ ሮክም የተወለደው ከዚሁ ሰፈር ነው።

ከአሥራ ሁለቱ አራቱ በሊትል ዋልተር ይታወቃሉ። ሁለቱ የሃውሊን ዉልፍ ናቸው፤ «ኮሚት ኤ ክራይም» እና «ጀስት ላይክ አይ ትሪት ዩ»። የቀሩት የማጂክ ሳም፣ የኤዲ ቴይለር፣ የጂሚ ሪድና የኦቲስ ረሽ ናቸው፤ ከቺካጎ ውጭ ደግሞ የሉዊዚያናው ላይትኒን ስሊምና የ1971 ዘፈኑ «ኤቭሪባዲ ኖውስ አባውት ማይ ጉድ ቲንግ» የተወሰደለት ሊትል ጆኒ ቴይለር አሉ። አልበሙ ሲወጣ ከእነዚህ በሕይወት የነበረው ኦቲስ ረሽ ብቻ ነበር፤ እሱም በ2018 አረፈ።

ዊሊ ዲክሰንን ለብቻው ማንሳት ያስፈልጋል። እሱ የቺካጎ ስቱዲዮዎች ገጣሚ፣ ዜማ ደራሲና ቤዝ ተጫዋች ነበር፤ «ጀስት ላይክ አይ ትሪት ዩ» እና «አይ ካንት ክዊት ዩ ቤቢ» የእሱ ድርሰቶች ናቸው። ስሙን የማያውቅ ሰው ዘፈኖቹን ያውቃቸዋል።

ሊትል ዋልተር አራት ዘፈን የደረሰው ለምንድን ነው?

ሃርሞኒካ ስለሆነ። ሊትል ዋልተር ከእሱ በፊት ማንም ያላሰበውን አደረገ፦ ርካሽ ማይክራፎን ከሃርሞኒካው ጋር በሁለት መዳፉ ጨብጦ፣ ማይክራፎኑን በጊታር አምፕሊፋየር ላይ ሰክቶ፣ ድምፁ እስኪሻክርና እስኪሰነጠቅ ነፋው። የልጅ መጫወቻ የሚመስለው ዕቃ እንደ ሳክስፎን ማጓራት ጀመረ። በ1952 ያለ ግጥም የቀዳው «ጁክ» በጥቁሮች ሙዚቃ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ።

ይህን አልበም የሚሸከመውም ያ ድምፅ ነው። ሰው ጃገርን በጭፈራውና በከንፈሩ ያውቀዋል፤ ጎበዝ የሃርሞኒካ ተጫዋች መሆኑን ግን ስንቱ ያውቃል? በሌሎቹ አልበሞች ላይ አልፎ አልፎ ብቅ የሚለው ሃርሞኒካ እዚህ የአልበሙ ሁለተኛ ዘፋኝ ነው። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ አልበሙን ያሳመሩት ጊታሮቹ አይደሉም፤ የጃገር ሳንባና የዋትስ እጅ ናቸው።

ዝነኛው ጊታሪስት ኤሪክ ክላፕተን ደግሞ እንዴት ገባበት?

ጎረቤት ሆኖ። እሱም በዚያው ሕንፃ የራሱን አልበም እየሠራ ነበርና ጠሩት፣ መጣ፣ ሁለት ዘፈን ተጫውቶ ሄደ። «ኤቭሪባዲ ኖውስ አባውት ማይ ጉድ ቲንግ» ላይ የሚሰማው ስላይድ ጊታር (ክሩ ላይ ቱቦ እየተንሸራተተ የሚመታው) የእሱ ነው፣ «አይ ካንት ክዊት ዩ ቤቢ» ላይም አለ። በ1963 እነዚህን ልጆች በሪችመንዱ ክሮዳዲ ክለብ ቆሞ ይሰማቸው የነበረ ሰው ነው።

ባንዱ የሮክ ባንድ አይደለም እንዴ? ከብሉዝ ጋር ምን አገናኘው?

ስማቸው ራሱ ብሉዝ ነው። በ1962 ከባንዱ መሥራቾች አንዱ ብራያን ጆንስ ለአንድ የጃዝ ጋዜጣ ስለ ዝግጅታቸው በስልክ ሲናገር የባንዱን ስም ተጠየቀ፤ ስም አልነበራቸውም። ወለሉ ላይ ከተኛው የቺካጎው ብሉዝ ዘፋኝ የመዲ ዋተርስ ሸክላ ላይ «ሮሊን ስቶን» የሚለውን አንብቦ ነገራቸው፣ በዚያው ጸና። ጁላይ 12 ቀን 1962 ለንደን ማርኪ ክለብ በዚሁ ስም ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ወጡ።

ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በኦክቶበር 1961፣ ጃገርና ሪቻርድስ ዳርትፎርድ ባቡር ጣቢያ ተገናኝተዋል። ልጅ ሆነው ይተዋወቁ ነበር፤ ያን ቀን ያጣበቃቸው ግን ጃገር በብብቱ የያዛቸው የቸክ ቤሪና የመዲ ዋተርስ ሸክላዎች ናቸው። እንዲህ ያለ ሸክላ በወቅቱ እንግሊዝ ውስጥ እንደልብ አይገኝም ነበር። በ1962 አሜሪካውያን ብሉዝ ተጫዋቾች ማንችስተር ሲመጡ ሁለቱና ጆንስ ከለንደን ተነስተው ሄደው አይተዋል።

የመጀመሪያ አልበማቸው (1964) በአብዛኛው የሌሎች ዘፈን ነው፤ ግድግዳውን በእንቁላል ካርቶን ባለበሱት ሪጀንት ሳውንድ በተባለ ጠባብ የለንደን ስቱዲዮ ነበር የተቀዳው። በዚያው ዓመት ጁን ላይ አሜሪካ ሲሄዱ ቺካጎ፣ ሳውዝ ሚሺጋን ጎዳና ቁጥር 2120 ወደሚገኘው የቼስ ስቱዲዮ ገቡ፤ መዲ ዋተርስና ሃውሊን ዉልፍ የቀዱበት ቤት ነው። ለነሱ እንደ መሳለም ነበር። ዓመቱ ሳያልቅ «ሊትል ሬድ ሩስተር» የተባለውን የዊሊ ዲክሰን ብሉዝ እንግሊዝ ውስጥ አንደኛ አደረሱት። ዘገምተኛ፣ ስለ አውራ ዶሮ የሚያወራ ዘፈን በቢትልስ ዘመን አንደኛ!

እዚህ ላይ ኢያን ስቱዋርትን ሳላነሳ ባልፍ ይቆጨኛል። ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነ ፒያኖ ተጫዋች ነው፤ መልኩ ለፖፕ ባንድ አይሆንም ተብሎ በ1963 ከፊት ተነሳ፣ ሳይቀየም ዕቃቸውን እየጫነ ፒያኖ እየመታላቸው ዕድሜውን ከነሱ ጋር ጨረሰ። ከብሉዝና ከቡጊ ውጭ ያለውን ሙዚቃቸውን ብዙም አይወድላቸውም ነበር። ያረፈው ዲሴምበር 12 ቀን 1985 ነው። የአልበሙ ቀረጻ የተጀመረው ሠላሳኛ ሙት ዓመቱ ሊውል አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ማንም አስቦበት አይመስለኝም፤ እኔ ግን ባሰብኩት ቁጥር ይገርመኛል።

ጥቁሮቹ የፈጠሩትን ነጮቹ ሸጠው ከበሩበት የሚባለውስ?

ከባድ ጥያቄ ነው፣ ሐሰትም አይደለም። የለንደን ልጆች በብሉዝ ሚሊየነር ሲሆኑ የብሉዝ አባቶች ብዙዎቹ በትንሽ ክለብ እየተጫወቱ፣ የድርሰት ክፍያቸው እየተቆረጠባቸው ኖረዋል። ዲክሰንና መዲ ዋተርስ የዘፈኖቻቸውን መብት ይዞ የነበረውን የቼስ እህት ድርጅት አርክ ሙዚክን በ1970ዎቹ ፍርድ ቤት አቁመዋል። ስቶንሶችም ነቀፋ አላመለጣቸውም፤ በ1969 የቀዱት የጥንቱ ብሉዝ ዘፋኝ የሮበርት ጆንሰን «ላቭ ኢን ቬይን» መጀመሪያ ሲወጣ በጆንሰን ስም አልተመዘገበም ነበር። ክርክሩ ቆይቶ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ጋ ደርሶ በ2000 የጆንሰን ድርሰት ባለቤት አልባ አይደለም ተብሎ ተወስኗል።

በሌላ በኩል፣ ከአብዛኞቹ ዘመነኞቻቸው በተለየ የእነማን ደቀ መዛሙርት እንደሆኑ ደብቀው አያውቁም። በሜይ 1965 «ሺንዲግ» የተባለ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ዝግጅት ሲጋብዛቸው ሃውሊን ዉልፍም ካልቀረበ አሉ። ሃምሳ አምስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ግዙፍ ጥቁር ሰው በነጭ ወጣቶች ዝግጅት ላይ ሲዘፍን እነሱ እግሩ ሥር ተቀምጠው ሰሙት። ፊልሙ ዛሬም አለ፤ ፈልጋችሁ ተመልከቱት፣ ከእኔ ሐተታ ይበልጣል። በኖቬምበር 1981 ደግሞ ከትልቅ የስታዲየም ጉዟቸው መሃል ቺካጎ ቼከርቦርድ ላውንጅ የምትባል ጠባብ ክለብ ገብተው ከመዲ ዋተርስ ጋር ተጫውተዋል።

ዕዳው በዚህ ተከፈለ ወይ? አልተከፈለም። «ብሉ ኤንድ ሎንሰም» ላይ ግን ቢያንስ የእያንዳንዱ ደራሲ ስም በቦታው አለ።

ብሉዝ የእነሱ ትዝታ ነው ይባላል። እውነት ነው?

በስሜት አዎ፣ በአሠራር አይደለም። ትዝታ በአምስት ድምፆች የቆመ ቅኝት ነው፤ ሙሉም ሆነ ግማሽ ትዝታ በነዚያ ድምፆች ክልል ይመላለሳል። ብሉዝ ደግሞ ከፒያኖ ቁልፎች መሃል የምትወድቅ ድምፅ አለችው። የጊታር ክር ሲሳብ ወይም ሃርሞኒካ በትንፋሽ ሲጎተት ነው የምትገኘው፤ ዜማው የሚያቃስተው እዚያች ላይ ነው። ከሥሩም በተወሰነ ተራ የሚቀያየሩ ሦስት ኮርዶች (አብረው የሚመቱ የድምፅ ስብስቦች) አሉ፤ ብዙውን ጊዜ በአሥራ ሁለት እኩል ክፍሎች ዞረው መጀመሪያቸው ላይ ይገጥማሉ። የጥንቱ የክራር ትዝታ እንዲህ ያለ የኮርድ ዙር የለውም።

ይልቅ እኔን የሚያስታውሰኝ አዝማሪ ቤት ነው። ብሉዝ ዘፋኝ የመጀመሪያውን መስመር ይልና ይደግመዋል፤ ሦስተኛው መስመር ይመታል። በመደጋገሙ የሚሰለቹ አሉ፤ «ግጥም አጠራቸው ወይ?» የሚለኝም አለ። አንድ ሰው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ሲሰጥ አዝማሪው እየደገመ ሲቀበል፣ መሃል ላይ ማሲንቆው ሲመልስ የሰማ ግን ድግግሙን አይጠይቅም። ሁለተኛው መስመር ሦስተኛው የሚታሰብበት ጊዜ ነው። ሰምና ወርቅም አላቸው፦ አውራ ዶሮው ዶሮ ብቻ አይደለም፣ ሊትል ጆኒ ቴይለር ጎረቤት ሁሉ ያወቀበት «መልካም ነገር»ም («ጉድ ቲንግ») ምን እንደሆነ ለአዋቂ አይነገርም።

ወጣት ሳሉ ከሠሩት ብሉዝ በምን ይለያል?

ለእኔ ዋናው ጥያቄ ይህ ነው።

በ1964 የሃያ ዓመት ልጆች ሆነው በሃምሳ ዓመት ሰው ድምፅ ለመዝፈን ይታገሉ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሥራዎች ስትሰሙ ፍጥነት አለ፣ ድፍረት አለ፣ ጃገር የሚሲሲፒን አነጋገር እየቀዳ ነው። ደስ ይላል፤ ግን የአባቱን ኮት የለበሰ ልጅ ይመስላል፤ እጅጌው ይረዝማል።

በዲሴምበር 2015 ጃገር 72፣ ዋትስ 74 ዓመታቸው ነበር። ሪቻርድስ ቀረጻው ባለቀ በሦስተኛው ቀን 72 ሞላው። ትንሹ ዉድ ራሱ 68 ነው። እንደ አባት የሚያዩዋቸውን ሰዎች በዕድሜ አልፈዋቸዋል፦ ሊትል ዋልተር በ1968 ሲሞት 37 ዓመቱ ነበር፤ ማጂክ ሳም በ1969 ሲሞት ገና 32። ኮቱ አሁን ልክ ሆኗል፣ እንዲያውም ትንሽ ጠቦታል። ጃገር «ሊትል ሬን» (ትንሽ ዝናብ) ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲዘፍን ማንንም አይቀዳም። ከዝናቡ ጋር ብቻውን ያለ ሽማግሌ ነው፤ የሚያሳምነው ሰው የለም።

ሌላው ለውጥ ድፍረቱን ለመተው መድፈራቸው ነው። ጊታሮቹ ረጅም ሶሎ አይሄዱም። ሪቻርድስና ዉድ ማን የቱን እንደሚጫወት ለመለየት እስኪያስቸግር ይጠላለፋሉ፤ አንዱ ሲያቆም ሌላው የጀመረ ይመስላል፣ ልብ ስትሉ ሁለቱም አላቆሙም። ይህ በሦስት ቀን አይለመድም። ዉድ ባንዱን የተቀላቀለው በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው፤ አርባ ዓመት ተለማምደውታል ማለት ነው።

ዋናዎቹን ቅጂዎች መስማት አይሻልም?

ይሻላል! ማንም ከዚህ አልበም ተነስቶ ወደ ሃውሊን ዉልፍ ሳይሄድ ቢቀር ስቶንሶቹ ራሳቸው የሚያዝኑ ይመስለኛል። የዉልፍን ሁለት ዘፈኖች እነሱ ተሸንፈውባቸዋል ብል አላፍርም፤ ያንን ከጉድጓድ የሚወጣ ድምፅ ጃገር የለውም፣ ሊኖረውም አይችልም። «አይ ካንት ክዊት ዩ ቤቢ»ም ኦቲስ ረሽ በ1956 ሲዘፍናት ያለው እሳት እዚህ የለም፤ እንዲያውም ብዙ ሰው የሚያውቃት ሌድ ዜፕሊን የተባለው የሮክ ባንድ በ1969 በሠራት ነው።

ራሳቸውን የቻሉበትም አለ። የርዕሱ ዘፈን አንዱ ነው። «ሁዱ ብሉዝ» ላይ እንግዳው ድራመር ጂም ኬልትነር የምት መሣሪያ ጨምሮበት ነገሩ ጨለም ያለ ረግረግ ይመስላል።

ከየትኛው ልጀምር?

«ራይድ ኤም ኦን ዳውን» ይቀላል፤ የኤዲ ቴይለር ዘፈን ነው፣ ፈጣን ነው፣ ተዋናይቷ ክሪስተን ስቱዋርት ባዶ የሎስ አንጀለስ ጎዳና ላይ ሙስታንግ መኪና የምትነዳበት ክሊፕም አለው። ከዚያ «ጀስት ዩር ፉል»፣ ከዚያ «ሊትል ሬን»። በስልክ ድምፅ ማጉያ ከሆነ ግን ተዉት፤ ቤዙ አይሰማምና ግማሹ ዘፈን የለም።

ምን ውጤት አገኘ?

እንግሊዝ ውስጥ አንደኛ፣ አሜሪካ ውስጥ አራተኛ ሆኖ ገባ። በጃንዋሪ 2018 በምርጥ ባህላዊ የብሉዝ አልበም ዘርፍ ግራሚ ተሸለመ። ለሮክ ባንድ ብሉዝ ዘርፍ መግባት ራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ ልጅ ሆነው ቢሰሙት የሚያለቅሱ ይመስለኛል።

የቻርሊ ዋትስ የመጨረሻ አልበም ነው?

በሕይወት እያለ የወጣው የመጨረሻው የስቱዲዮ አልበም ይህ ነው። ኦገስት 24 ቀን 2021 በ80 ዓመቱ አረፈ።

ልቡ ጃዝ ላይ የነበረ ሰው ነው፤ ድራሙም ትንሽ፣ ግሬች የተባለው ኩባንያ የድሮ ሥሪት። አንድ የታወቀ ልማድ ነበረው፦ ግራ እጁ ስኔሩን (ጮክ የሚለውን ትንሽ ከበሮ) ሊመታ ሲል ቀኝ እጁ ከሃይ-ሃቱ (ከጥንዱ ጸናጽል) ላይ ይነሳል። ብዙ ድራመሮች ሁለቱን አንድ ላይ ይመታሉ፤ እሱ ቦታ ይለቃል። ያቺ ቅጽበት ባዶ ስለሆነች ምቱ ሲመጣ ይከብዳል፣ ዘፈኑም ትንሽ ወደ ኋላ እንደሚጎተት ሰው ይራመዳል። ላይቭ በተቀዳ ብሉዝ ላይ ይህ ከምንም በላይ ይሰማል። አልበሙን ሁለተኛ ጊዜ ስትሰሙ ዘፈኑን ትታችሁ እሱን ብቻ ተከተሉ።

ከዚህ በኋላ ወደ ሮክ ተመለሱ?

አዎ። ያ በ2015 ያልሄደ አዲስ አልበም ስምንት ዓመት ፈጅቶ በኦክቶበር 2023 «ሃክኒ ዳይመንድስ» በሚል ወጣ፤ በ2025 የምርጥ ሮክ አልበም ግራሚ አገኘ። ፕሮዲዩሰሩ አንድሩ ዋት ነው፣ አሠራሩም የዘመኑ ነው፦ ብዙ እንግዳ፣ ጮክ ያለ ድምፅ። ድራሙን በአብዛኛው ስቲቭ ጆርዳን ይመታል፤ ዋትስ ቀድሞ ከቀዳቸው ሁለት ዘፈኖች ገብተዋል፣ በአንዱ ላይ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተለያቸው ቤዝ ተጫዋች ቢል ዋይማን ሳይቀር አለ።

የአልበሙ መዝጊያ ግን ሌላ ነው። ባንዱ የለም፣ ድራም የለም። ጃገርና ሪቻርድስ ሁለት ብቻቸውን፣ አንዱ በሃርሞኒካ አንዱ በጊታር፣ በ1950 መዲ ዋተርስ የቀዳትን ያቺን የስማቸውን ዘፈን ይጫወታሉ። ስሟን ከተዋሷት ስድሳ አንድ ዓመት ሆኗቸው፣ በአልበማቸው ላይ ሲቀዷት የመጀመሪያቸው ነው።